የግፊት ኪኒን በላስቲክ ቋጥራችሁ ለምትሳፈሩ

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ሻንጣዬን ገና ሳልፈታ ሦስተኛዋ ጎረቤት መጡ። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ልትወስዳቸው ነው፤ ቪዛው ወጥቷል። ከነጠላቸው ጫፍ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ፈትተው ስኒው አጠገብ አስቀመጡ። ነጭ ኪኒን፣ ቢጫ ኪኒን፣ ሌላ ነጭ ኪኒን። «ይኼን ያሳልፉኛል ልጄ?» አሉኝ። «ምንድን ነው?» ብላቸው «የግፊት ነዋ!» አሉና እንደ ሞኝ አዩኝ።

ይኼን ጥያቄ እዚያው ሜሪላንድ፣ ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ በስልክ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር መልሼዋለሁ። አሁን ደግሞ እናቴ ቤት ቡና ላይ። ጽፌው ልገላገል።

ያሳልፏችኋል። ለራስ የሚሆን፣ እስከ 90 ቀን የሚበቃ መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀት ጋር ከያዛችሁ ጉምሩክ ችግር አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ስትባሉ ነው። «ነጭ፣ ትንሽ፣ ጠዋት የምውጠው» መልስ አይደለም። ነጭ ያልሆነ ኪኒን ስንት አለ?

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ክትትል የምታደርጉበት ዘንድ ሄዳችሁ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና በቀን ስንቴ እንደሚወሰድ በእንግሊዝኛ አስጽፉ። በሚነበብ ጽሕፈት። የካርዳችሁን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ያንን የሐኪም ጭረት እዚያ የሚፈታው የለም፤ እዚህም የሚፈታው ጥቂት ነው። ኪኒኑን ከማሸጊያው አታውጡ፤ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ሽሮና በርበሬ በትልቁ ሻንጣ ይሂድ። ሻንጣው ቦሌ ቀርቶ ሰውየው ብቻውን ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርስ አይቻለሁ።

ደግሞ ስሙን በቃል ያዙት። የአርባ አራቱን ታቦታት ስም በቃሏ የምትደረድር የጎንደር እናት ሦስት የኪኒን ስም ሊከብዳት አይገባም። የምትይዙት የፋብሪካውን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም ነው፤ የንግድ ስም አገር ሲቀየር ይቀየራል። የስሙ ጭራ ቤተሰቡን ይነግራችኋል። በ«ፕሪል» የሚያልቁት፣ ኢናላፕሪልም ሊሲኖፕሪልም፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዙታል። በ«ሳርታን» የሚያልቁት፣ እንደ ሎሳርታን ያሉት፣ የአጎታቸው ልጆች ናቸው፤ ሳሉ ላስቸገረው ብዙ ጊዜ እነዚህ ይታዘዙለታል። አምሎዲፒንና ኒፊዲፒን በ«ዲፒን» ያልቃሉ፤ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣሉ። አቴኖሎልን የመሰሉ ባለ «ሎሎች» የልብ ምት ያቀዘቅዛሉ፤ ድንገት ማቋረጣቸው አደገኛ ነው። የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ማርገዝ የምታስቡ ወይም ያረገዛችሁ እህቶች፣ «ፕሪል»ም «ሳርታን»ም ለፅንስ አይሆኑምና ለሐኪሙ ቶሎ ተናገሩ።

ይኼን ሁሉ ያወቅሁት ተምሬ አይደለም፤ ወድቄ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በዲቪ ስወጣ ከጎንደር ማራኪ ሰፈር የገዛሁትን የሦስት ወር ኢናላፕሪል ቦታ እንዳይዝብኝ ከማሸጊያው አውጥቼ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። እዚያ ስደርስ የአክስቴ ልጅ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። አስተርጓሚዬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ነበር። ሐኪሙ የምወስደውን ጠየቀ፤ ልጁ «የግፊት» አለ፤ ስሙን እኔም አላውቀው፣ እሱም አያውቀው። ለካኝ፣ ከፍ ብሎ አገኘው፣ ሊሲኖፕሪል አዘዘልኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ስሙ ሌላ፣ መልኩ ሌላ፤ አዲሱ የአሜሪካ፣ የድሮው የጎንደር። በገንዘቤ የገዛሁትን ለምን እጥላለሁ? ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን መዋጥ ጀመርኩ።

በዚያ ላይ ጨው ቀንስ ተብያለሁ። ሱቅ ሄጄ ሶዲየም የሌለው «ጨው» ገዛሁና ሹሮዬ ላይ እንደልቤ ነሰነስኩት። ያ ዱቄት ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ያለበት ነው። «ፕሪሎች» ደግሞ ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ሁለት «ፕሪል» ላይ ያ ሲጨመር አስቡት። በሦስተኛው ሳምንት መጋዘን ሥራ ላይ ካርቶን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓለም ዞረብኝ፤ ራሴን ያገኘሁት አምቡላንስ ውስጥ ነው። ግፊቴ ከልክ በታች ወርዷል፤ ደሜ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብ ሊያቆም የሚችል ደረጃ ደርሷል። የድንገተኛ ክፍሏ ሐኪም ብልቃጡንና ጠርሙሱን ጎን ለጎን አድርጋ «የእነዚህ ሥራ አንድ ነው» አለችኝ። ሥራቸው አንድ ነው! ለዚህ ነው በአምቡላንስ የሄድኩት።

የሂሳቡን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሂሳብ ቅነሳ ደንብ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። ካልጠየቃችሁ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የለም። እኔ የጠየቅሁት ግማሹን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ አዲስ መድኃኒት ሲሰጧችሁ የድሮውን ጠረጴዛ ላይ አውጡና «ይኼን ልተወው ወይስ ልጨምርበት?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ደግሞ ጠይቁ። የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም ቢሆን አማርኛ አለ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ልጅ ስለ እናቱ ሽንት መናገር ያፍራል።

አንዳንዱ ደግሞ እዚህ ሲለካ 135 በ85 ነበርና «ደህና ነዎት» ተብሏል፤ እዚያ ሲደርስ ግፊት አለብህ ይባላል፤ «ሊሸጡልኝ ነው» ብሎ ይቆጣል። ማንም አልዋሸውም። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ወሰኑን 130 በ80 አድርገውታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት 140 በ90 ላይ ነው። ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መኮላተፍ ካለ ግን ክርክር የለም፤ የድንገተኛ ስልኩን 911 መደወል ነው።

ኢንሹራንስ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ልጆች ወላጆቻቸውን አምጥተው «65 ስለሞላቸው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ) ያገኛሉ» ይሉኛል። ሠርተው ግብር ያልከፈሉ ወላጆች ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ ሳይኖሩ ሜዲኬር ከፍለው እንኳ አይገቡም። ይኼን ከቲኬቱ በፊት ማጣራት ነበረባችሁ። ለጊዜው እንደ ገቢ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ቅጹ ረጅም ነው፣ ያንኑ ጥያቄ ሦስት ቦታ ይጠይቃል፣ ሙሉት። ኪኒኑ ራሱ ርካሽ ነው፤ እንደ ሊሲኖፕሪል ያለው ዋልማርት በሚባለው ትልቅ ሱቅ የ4 ዶላር ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ውዱ ማዘዣው ነው። እዚያ ያለ ማዘዣ መስኮት ላይ ቆሞ መለመን አይሠራም። ስለዚህ ቀጠሮ የምትይዙት ከጎንደር የያዛችሁት ሳያልቅ፣ በደረሳችሁበት ሳምንት ነው።

ጠርሙሱ ላይ 8 ጠዋት የሚል ካያችሁ የእኛ 2 ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ጠብቀው ከምሳ በኋላ የሚውጡ አባት አውቃለሁ።

ለጉንፋን ሱቅ ገብታችሁ ያገኛችሁትን አትግዙ፤ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ግፊት ያወጣል። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ፤ ከ«ፕሪል»ና ከሚያሸናው ጋር ሲደመር ኩላሊት ይጎዳል። እናታችሁ የላከችው በርበሬ ጨው እንደገባበትም አትርሱ፤ ወጡ ላይ ድጋሚ የምትጨምሩት በልማድ ነው። በጾም ወቅት ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት፤ እናንተ ግን በራሳችሁ አትዝለሉት። በጸበልና በኪኒን መካከል ጠብ ያስገባው ሰው ነው፤ እኔ ሁለቱንም እወስዳለሁ።

በማግስቱ ጎረቤታችንን ይዤ ፒያሳ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ቢጫውን አወቀው፣ አንዱን ነጭም አወቀው። ሁለተኛውን ነጭ እያገላበጠ ቆየና «ይኼን ማን አዘዘልዎት እማማ?» አላቸው።

«እህቴ ናት» አሉ፤ «እሷን ተስማምቷታል።»