ቢጫ ስቲከር አደን፦ በእንግሊዝ አገር ሱፐርማርኬት ቅናሽ ምግብ እንዴት ይገኛል?

ለንደን የመጣሁ ሰሞን ሱፐርማርኬት የምሄደው ቅዳሜ በጠዋት ነበር። አገር ቤት ጥሩ ነገር የሚገኘው ማልዶ ለወጣ ነው፤ እኔም ያንኑ ይዤ መጣሁ። ዶሮዬን በሙሉ ዋጋ ገዝቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።

ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው ሴት፣ ደግሞ ማታ ማታ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሳግዛቸው ውስጡን አየሁት። ከላይ እስከ ታች ቢጫ ስቲከር! ጠቅላላ የከፈሉት እኔ ለአንድ ዶሮ ከከፈልኩት ብዙም አይበልጥም። «ዕድል አይደለም ልጄ፣ ሰዓት ነው» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእሳቸው ትምህርት ነው።

1. ሰዓቱን ያዙ

ቀኑ ሊያበቃ የደረሰ ምግብ ካልተሸጠ ይጣላል። ስለዚህ ሠራተኛው በእጅ ማሽን አዲስ ዋጋ እያተመ ይለጥፍበታል። በአብዛኛው ቤት ቢጫ ነው፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ የሚለጥፉም አሉ። ቅናሹ አንዴ ብቻ አይደለም። ጠዋት ላይ ትንሽ ይነካካል። ከሰዓት በኋላ ሲጨመርበት ግማሽ ይደርሳል። ዋናው የሚወርደው ማታ ነው፣ እስከ ዕለቱ መዝጊያ ላልተሸጠው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ነው የማወራው) በሚከፍት ሱቅ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው።

ይህ ግን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያያል። ሠራተኛውን በትሕትና መጠየቅ ነው፤ «የመጨረሻውን ቅናሽ ስንት ሰዓት ነው የምትለጥፉት?» ብሎ። አብዛኞቹ ይናገራሉ። ማሽኑን እንደያዙ ከኋላ ከኋላቸው መከተልና ካልተለጠፈ ዕቃ ጋር ቆሞ መጠበቅ ግን ያስቀይማል። ሲለጥፉ ቆም ብሎ ማሳለፍ ነው።

እሑድ ሌላ ሕግ አለው። በፈረንጆቹ 1994 በወጣው የእሑድ ንግድ ሕግ መሠረት በእንግሊዝና በዌልስ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱቅ እሑድ በተከታታይ ለ6 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፍተው፣ እሱም ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 12 ባለው መሃል። ብዙዎቹ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ስለዚህ የማታው ቅናሽ ወደ ቀን ይመጣል። ቅዳሴ አስቀድሶ ለሚመለስ ሰው ልክ መንገድ ላይ ነው። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብባል እሑድን ነው የምመርጠው።

2. የት እንደሚደረደር እወቁ

አብዛኛው ሱፐርማርኬት ለቅናሽ የተለየ ፍሪጅ አለው፣ ብዙ ጊዜ በአንዱ መተላለፊያ ጫፍ ላይ። ዳቦው ግን ዳቦ ቤቱ አካባቢ ይቀራል። ካርቶኑ የተቀደደ ፓስታ፣ ጎኑ የተጎዳ የቆርቆሮ ምግብና የመሳሰለው ደግሞ ሌላ መደርደሪያ ላይ ይከመራል። ሰው ሁሉ የቅናሹን ፍሪጅ ሲያገላብጥ እናንተ ወደ ዋናው የሥጋ መደርደሪያ ሄዳችሁ ከኋላ በኩል እዩ። እዚያው የተረሳ ስቲከር አይጠፋም።

3. ቀኑን አንብቡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ዓይነት ቀን አለ። «ዩዝ ባይ» የሚለው የጤና ጉዳይ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተዘጋጀ ሰላጣ ላይ ይጻፋል። ያ ቀን ካለፈ ሽታው ደህና ቢሆንም አይበላም፣ መሸጡም ክልክል ነው። «ቤስት ቢፎር» የሚለው ግን ስለ ጣዕም ነው የሚያወራው። ሩዝ፣ ምስር፣ ብስኩት ከቀኑ በኋላም ይበላል፣ ይሸጣልም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰርና ዌይትሮዝ ከብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ይህን ቀን አንስተዋል። ሽንኩርትን ዓይታችሁና ነክታችሁ ፍረዱ።

አሁን ለእኛ ሰው ብቻ የሚባል ነገር ልናገር። ቢጫ ስቲከር የተለጠፈበትን የተፈጨ ሥጋ ክትፎ እንዳታደርጉት። ለብለብም ቢሆን። የሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ትኩስም ሆኖ በጥሬው እንዲበላ የተዘጋጀ አይደለም። በደንብ የበሰለ ምንቸት አብሽ ይውጣው። ክትፎ ካማራችሁ የምታምኑት ሥጋ ቤት ሂዱ፣ እዚያ ላይ ቁጠባ የለም።

4. ስቲከሩን አትመኑት፣ አስሉ

«ቅናሽ» የሚለው ቃል ዓይን ያሳውራል። ታዋቂ ስም ያለው ዕቃ በ30 በመቶ ቀንሶም ሱቁ በራሱ ስም ከሚሸጠው ሊወደድ ይችላል። መደርደሪያው ላይ በትንንሹ የተጻፈውን የኪሎ ወይም የ100 ግራም ዋጋ አነጻጽሩ። የአባልነት ካርድ ዋጋንም እዩ፤ አንዳንዴ በካርድ የሚገዛው ትኩስ ዕቃ ከተለጠፈበት ጋር እኩል ሆኖ ይገኛል።

5. ስትከፍሉ ቢጫውን ባርኮድ አስነብቡ

ራስ በራስ በሚከፈልበት ማሽን ላይ የድሮው ባርኮድ ከተነበበ ሙሉ ዋጋ ይቆርጣል። እኔ አንድ ማታ ሦስት ዶሮ እንዲህ ገዝቼ ቤት ገብቼ ነው ደረሰኙን ያየሁት። በማግስቱ መልሰውልኛል፣ ግን መንገዱና ሰልፉ አይጣል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ደረሰኙን አንብቡ።

6. ቤት ስትገቡ ወዲያው ሥሩት

ይህ ክፍል ካልተሠራ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ርካሽ ገዝቶ መጣል ከውድ ይብሳል። ሥጋና ዶሮ በዩዝ ባይ ቀኑ እስከ ዕለቱ ማብቂያ ድረስ ፍሪዘር ሊገባ ይችላል። ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስገቡት። ስታወጡት ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ ከቀለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይብሰል።

ከሥጋ ይልቅ እኔ የምወደው ሌላውን ነው። ጨው የሌለው ቅቤ በቅናሽ ሳገኝ የቻልኩትን ያህል እወስዳለሁ። በኮረሪማ፣ በአብሽ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ይነጠራል፤ ከዚያ በኋላ የፓኬቱ ቀን አያስጨንቅም። ሙሉ ቅባት ያለው ወተት ቀኑ የዛሬ ከሆነ በዚያው ማታ አፍሉትና ሎሚ ጭመቁበት፣ አይብ ይወጣችኋል። ሽንኩርት በከረጢት ሲረክስ አንድ ትልቅ ድስት ቁሌት አቁላሉ። ቀዝቀዝ ሲል በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር ይገባል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ እጃችሁን ትባርካላችሁ።

7. ስልካችሁንም ተጠቀሙበት

ዴንማርክ የተጀመረው ቱ ጉድ ቱ ጎ የሚባለው መተግበሪያ ሱቆችና ዳቦ ቤቶች ያልተሸጠላቸውን በከረጢት አድርገው በርካሽ የሚሸጡበት ነው። ችግሩ ውስጡን አለመምረጣችሁ ነው። በጾም ቀን ከረጢቱ በሙሉ ክሬም ኬክ፣ አሳማ ለማይበላ ቤት ደግሞ ሃም ሊሆን ይችላል። ኦሊዮ የሚባለው ላይ ጎረቤቶችና በጎ ፈቃደኞች የተረፈ ምግብ በነፃ ይሰጣሉ።

8. ሁለቱን የቀን መቁጠሪያ አብራችሁ ስቀሉ

እትዬ ከነገሩኝ ሁሉ ይሄኛውን የሚያህል የለም። የፈረንጆቹ ገና፣ ዲሴምበር 25፣ ትልልቆቹ ሱቆች በሕግ ዝግ ናቸው። አንዳንዶቹ በማግስቱም አይከፍቱም። ስለዚህ ዲሴምበር 24 ሊዘጉ ሲሉ ተርኪው፣ የበሬ ሥጋው፣ አትክልቱ ሁሉ ይወርዳል። እኛ ያን ቀን ነቢያትን እየጾምን ነው። ሥጋውን የሚሻማ ሐበሻ ጥቂት ነው፣ ለእኛ ገና ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል። ገዝቶ ፍሪዘር ማስገባት ነው። አትክልቱን እዚያው ለጾሙ ትበሉታላችሁ። (በተርኪ ዶሮ ወጥ አይሠራም የሚል ይኖራል። ሠርቻለሁ። እናቴ እንዳትሰማ።)

ፋሲካም እንደዚያው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ትልልቅ ሱቆች በፋሲካ እሑድም አይከፍቱም፤ የበግ ታፋ የሚረክሰው ቅዳሜ ማታ ነው። የእነሱና የእኛ ፋሲካ አንዳንዴ ይገጥማል፤ በ2025 ሁለቱም ኤፕሪል 20 ውለዋል። ያኔ ለእኛ የሚሆን ብልሃት የለም። በ2027 ግን የእነሱ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። አምስት ሳምንት ልዩነት! ማርች 27 ማታ ለአንድ ታፋ የሚሆን ቦታ ፍሪዘራችሁ ውስጥ ይኑር።