በሁለት እግሩ የሚሄደው ሮቦታችሁ ለምን ይወድቃል? ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከተማሪዎች ጋር ሆነን በሁለት እግሩ የሚሄድ ሮቦት እየሠራን ነው። ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። ብዙ ጊዜ ወድቋል። ከመውደቁ ያገኘነውን ላካፍላችሁ። በቅድሚያ ግን አደራ፦ ሮቦቱ በወደቀ ቁጥር ኮዱን ለመነካካት አትቸኩሉ። እኛ ሁለት ሳምንት ያባከንነው እንደዛ ስናደርግ ነው።

እግሩን ሊያነሳ ሲል ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል

ሞተሮቹን የሚያዘው ቦርድ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ትኩር ብላችሁ እዩዋት። ሞተሮቹ ሲነሱ ጠፍታ መልሳ ከበራች ችግሩ ኮዱ ጋ አይደለም። ኃይል አንሶታል። ኤምጂ 996 አር የሚባለው ሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ሞተር) ጭነት ከብዶት ሲቆም ብቻውን ከ2 አምፔር በላይ ይስባል። የተለመደው የኮምፒውተር ዩኤስቢ የሚሰጠው ደግሞ ግማሽ አምፔር ነው። በየእግሩ አምስት አምስት ሞተር ካለ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ለሞተሮቹ የራሳቸውን ባትሪ ስጧቸው። የባትሪውንና የቦርዱን ኔጌቲቭ ሽቦ ግን አገናኙ። እኛ ይቺን ረስተን ሞተሮቹ ያለ ትእዛዝ ሲወራጩ አመሹ። ሌላው ጥንቃቄ፦ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ሙሉ ቻርጅ ሲሆኑ 8.4 ቮልት ይሰጣሉ። ይሄ ሞተር የሚችለው እስከ 7.2 ነው። መሃል ላይ አምፔሩን የሚችል ቮልት መቀነሻ አስገቡና 6 ላይ አድርጉት።

ሲቆም ደህና ነው፣ አንድ እግሩን ሲያነሳ ወዳነሳው በኩል ይወድቃል

ዋናው ይሄ ነው። እስቲ ተነሡና በራሳችሁ ሞክሩት። ቀኝ ትከሻችሁንና ቀኝ እግራችሁን ከግድግዳ ጋር አጣብቁ። አሁን ግራ እግራችሁን አንሱ። እንቢ አለ አይደል? ዳሌያችሁ ወደ ቀኝ ሸርተት ማለት ነበረበት፤ ግድግዳው ከለከለው።

ሮቦቱም ያው ነው። እግሩ ከመነሳቱ በፊት ክብደቱ በሙሉ በሚቆምበት እግር መርገጫ ላይ ማረፍ አለበት። ሰርቢያዊው የሮቦት ተመራማሪ ሚዮሚር ቩኮብራቶቪች "ዜሮ ሞመንት ነጥብ" ብሎ ያስቀመጠው ሐሳብ የዚሁ ሒሳብ ነው፤ ነጥቡ፣ ማለትም መሬት ሮቦቱን ደግፎ የሚገፋበት መሃል ቦታ፣ ከመርገጫው ጠርዝ ካልወጣ ሮቦቱ አይገለበጥም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1986 የሠራው ኢ0 የተባለ ሮቦት አንድ እርምጃ ለመራመድ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። ታዋቂው የሆንዳ ሮቦት አሲሞ የተዋወቀው በ2000 ነው። ስለዚህ የናንተው ቀስ ቢል አይክፋችሁ።

መፍትሄው እርምጃውን መከፋፈል ነው። መጀመሪያ ያዘንብል፣ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ እግሩን ያንሳ። ቁርጭምጭሚቱ ባዘነበለበት ልክ ዳሌው በተቃራኒው ይመለስ፤ ደረቱ ቀጥ እንዲል። ልኩን የምናውቀው በወረቀት ነው። በሚነሳው እግር ሥር አንድ ወረቀት አድርጉ፣ ሮቦቱን አዘንብሎ እንዲቆም እዘዙት፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳብ አድርጉ። ከያዘ ክብደቱ ገና አልተሻገረም። ሁለት ሁለት ዲግሪ ጨምሩ። ሰተት ብሎ የወጣ ጊዜ እዚያው ላይ አቁሙ፤ ከልክ ካለፈ ወደ ውጭ ይገለበጣል። የእኛ ልጆች ወረቀቱ የወጣ ቀን የጮኹት ጩኸት ጎረቤት አስደንግጧል።

ትናንት ይሄድ ነበር፣ ዛሬ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ብሎን ላልቷል። ሮቦቱን አብሩት፣ ጉልበቱን በሁለት ጣት ያዙና ወዝወዝ አድርጉት። ሞተሩ ሳይዞር እግሩ ከተነቃነቀ የዳሌውን ብሎን አጥብቁ። ከዚያ የሞተሮቹን መነሻ ማዕዘን እንደገና ለኩ።

ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል፣ ወለል ላይ ይንሸራተታል

የተወለወለ ሊሾ ላይ ፕላስቲክ መርገጫ አይይዝም። ሠፈራችሁ ካለ ጎሚስታ ያረጀ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ለምኑና መርገጫው ሥር ለጥፉ። ላስቲኩ ከጠርዙ ተርፎ እንዳይወጣ በመቀስ አስተካክሉት፤ ከተረፈ እግሩ ሲነሳ ይጠልፈዋል።