እርጎ፣ ፕሮባዮቲክና መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀርሙ መድኃኒት ተላምዷል ብሎ ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት) ትቶ እርጎ መጠጣት ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። በእርጎና በፕሮባዮቲክ (የሚዋጡ ጠቃሚ ሕያው ተህዋስያን) ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥ ቦታና ምግብ ይሻማሉ፣ አሲድ ያመነጫሉ፤ ሳንባ ወይም ደም ውስጥ የገባን ጀርም ግን አያድኑም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የታይላንድ ጥናት፣ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለውን ፕሮባዮቲክ ለ4 ሳምንት የወሰዱ ሰዎች በሰገራቸው ያለው ስታፊሎኮከስ አውሪየስ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ከመቶ 96.8 እጅ መቀነሱን አሳይቷል። ሰዎቹ ግን ጀርሙን ተሸክመው የሚኖሩ ጤነኞች እንጂ ሕሙማን አልነበሩም። ትኩሳት ወይም መግል ካለ ሐኪም ዘንድ ሄደው የካልቸር ምርመራ (ጀርሙን አሳድጎ ምንነቱን የሚለይ) ይጠይቁ።

አንቲባዮቲክንና ፕሮባዮቲክን በአንድ ጊዜ መዋጥም ልፋትን ከንቱ ያስቀራል። ለምሳሌ አሞክሲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ላክቶባሲለስ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያም ይገድላልና ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቋቸው። ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ የተባለው ፕሮባዮቲክ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ የፈንገስ መድኃኒት ግን ያጠፋዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ለብቻው ይታይ፦ የእርጎው ካልሲየም ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። እርጎ ከመጠጣትዎ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከጠጡ 6 ሰዓት በኋላ ይዋጡት።

ጥሬ ወተት ማርጋት በጎጃም ገጠር የቆየ ልማድ ነው። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጥሩ ነው፤ ጭሱ ግን በወተት ወደ ሰው የሚተላለፉትን የብሩሴላና የከብት ቲቢ ጀርሞች አይገድልም። ወተቱን አንተክትከው ያፍሉት። ትንሿ ጣትዎ እስከ 10 ሲቆጥሩ እስክትችለው፣ ማለትም 43 ዲግሪ ገደማ እስኪሆን ያብርዱት። ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምረው፣ ሸፍነው ሙቅ ቦታ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ያቆዩት። የሚጨምሩት እርጎ ራሱ ከፈላ ወተት የተሠራ ይሁን፤ አለዚያ ያጠፉትን ጀርም መልሰው አስገቡት ማለት ነው።

አልረጋ ካለ ላሟ ለጡት በሽታ ፔኒሲሊን ተወግታ እንደሆነ ይጠይቁ። በወተቱ የቀረው መድኃኒት የሚያረጋውን ባክቴሪያ ገድሎት ሊሆን ይችላል። ማፍላትም መድኃኒቱን አያስወግደውም፤ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪያልፍ ወተቷ አይጠጣ።

እንጀራ ስለኮመጠጠ ፕሮባዮቲክ ነው የሚሉ አሉ። የሊጡ ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ያልቃል።

ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን፣ ኬሞቴራፒ ለሚወስድ፣ ትልቅ የደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ ለገባለት ሰው ፕሮባዮቲክ በራስ ፈቃድ አይሰጥም፤ ተህዋሲው ደም ውስጥ ገብቶ ሊያሳምም ይችላል። አስታማሚ ሆይ፣ የቡላርዲን ካፕሱል ቱቦ ያለው ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ አይክፈቱ፦ የቦነነው ዱቄት ቱቦው ላይ ያርፋል።