ክሮም የለበሰ የሞተር ሳይክል ዕቃ በቶርኖ እንዴት ይስተካከላል?

መጀመሪያ ቶርኖ (ዕቃውን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) የማይነካውን ለዩ። የፊት ሹካ ዘንግ፣ የጎማ ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) እና የፍሬን ዕቃ በፍጹም አይቀነስም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጉም ቁልቁል ሲወረድ ነፍስ የተንጠለጠለችው እነሱ ላይ ነው፤ ባለሙያው «ትንሽ ብቻ» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። የመስታወት እግር፣ የጌጥ ቦኮላ (ቀለበት መሰል ማቀፊያ) እና ከማርሚታው (ከጢስ ማውጫው) የሚነቀል ጫፍ ግን ይሠራል። እዚህ የማርሚታ ጫፍ እናሳጥራለን።

የጌጥ ክሮም ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 1 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ግን ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ኒኬል አለ። ብረቱን ከዝገት በዋናነት የሚጠብቀው ኒኬሉ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል።

1. ጫፉን ፈትታችሁ ጥላሸቱን በናፍጣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ የሚቆረጥበትን ቦታ በካሊፐር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ።

2. ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንጋጋ ያለው ቻክ (የቶርኖው ዕቃ መጨበጫ) ስስ ቧንቧ ሲጨብጥ ክቡን ሦስት ማዕዘን ያስመስለዋል። ከደረቀ ባሕር ዛፍ ልክ የሆነ ውታፍ በቶርኖው አውጡና በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ከሚቆረጠው መስመር አልፎ ይግባ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር አይሆንም። መንጋጋው ክሮሙን እንዳይነክስ ዙሪያውን በስስ የመዳብ ቆርቆሮ ጠቅልሉት።

3. የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢና ፎጣ አያስጥልም፤ ቶርኖ አጠገብ ግን ይውለቁ፣ ጓንትም እንዲሁ። መነጽር አድርጉ፤ የክሮም ቅርፊት እንደ ምላጭ ስል ነው።

4. ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር ከሆነ በደቂቃ 300 ዙር አካባቢ ይበቃል። ስል የካርባይድ (በጣም ጠንካራ ቅይጥ) መቁረጫ ከውጭ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ከብረቱ ወደ ክሮሙ ከወጣ ልባሱን ይፈነቅላል። ላዩን እያሻሸ እንዳይቆይም ሳታመነቱ ከክሮሙ በታች አስገቡት።

5. ጠርዙን በደቃቅ ሞረድ ከክሮሙ ወደ ውስጥ ብቻ እየገፋችሁ አለስልሱ።

6. ቅባቱን ጠርጋችሁ በራቁቱ ጠርዝ ላይ ሙቀት የሚችል የብር ቀለም ሳይውል ሳያድር ቀቡ። ክረምት ከገባ ዝገቱ ቀን አይሰጥም።

ተሳስቶ ቢያጥር በክሮሙ ላይ አትበይዱ፤ የክሮምና የኒኬል ጢስ ሳንባ ይጎዳል። ሌላ ጫፍ መግዛት ይሻላል።

ስትገጥሙት ቡሎኑን አጥብቁ። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ደግማችሁ በቁልፍ ፈትሹት፤ የመጀመሪያው ሙቀት ብዙ ጊዜ ያላላዋል።