ነጭ ጠርዝ ያለውን ኩባን ኦሬጋኖ በቤት ማሳደግ

ቅጠሉ ወፍራምና ለስላሳ ፀጉር የለበሰ ነው፤ መሐሉ አረንጓዴ፣ ዙሪያው ነጭ። ኩባን ኦሬጋኖ ወይም ሜክሲካን ሚንት ይባል እንጂ ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የተፈጥሮ አገሩ ነው፤ የወላይታ ድንችም የቅርብ ዘመዱ ነው። በደቡብ ህንድና በፊሊፒንስ ቅጠሉን ለሳል ይጠቀሙበታል። በጣት ሲታሽ ሽታው ወደ ጦስኝ የሚያደላው ካርቫክሮልና ታይሞል የተባሉት ዘይቶች በሁለቱም ውስጥ ስለሚገኙ ነው።

ስትገዙ ይህን ሽታ ፈልጉ። ዙሪያቸው ነጭ የሆነ፣ ለጌጥ ብቻ የሚተከሉ ዘመዶችም አሉትና መልኩን ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። ሽታው ደካማ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ የተክሉን ማንነት በእርግጠኝነት ካልነገራችሁ፣ ለጌጥ አስቀምጡት እንጂ ለሻይ አትቁረጡት።

የሚራባው በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። ነጩ ቀለም የሚመጣው ክሎሮፊል (ተክሉ በብርሃን ምግቡን የሚሠራበት አረንጓዴ ቀለም) ከሌለው የሕዋስ ንብርብር ስለሆነ በዘር በትክክል አይተላለፍም። ስለዚህ የምትቆርጡትን ቅርንጫፍ መምረጥ ከሁሉም በላይ ዋናው ሥራ ነው፦ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ አረንጓዴውም ነጩም በግልጽ የሚታይበትን ውሰዱ። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ቀንበጥ ምግቡን ራሱ መሥራት ስለማይችል ለብቻው ቢተከል ይሞታል። ሙሉ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ ይጸድቃል፣ ግን ነጩን መልክ አይሰጣችሁም።

ከጫፉ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ ልክ ከአንጓው ሥር በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሱ። ግንዱ ውሃ የበዛበት ስለሆነ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆዩት፤ እርጥብ እንዳለ ከተተከለ ከሥሩ ይበሰብሳል። ከዚያ ቢያንስ አንድ አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ትከሉት። ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ቦታ ይቀመጥ፤ አፈሩ ረጠብ ይበል እንጂ አይጨቅይ። ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሥር ይሰዳል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው።

ለመትከያው ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከሥሩ የተበሳ የሸክላ ዕቃ ይበቃል። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቃቅ ሬድ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ጥቁር የሸክላ አፈርን ብቻውን አትጠቀሙ፤ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ፍግ ማብዛትም አይጠቅምም፤ ቅጠሉ ይወፍራል፣ ሽታው ግን ይደክማል።

ጠዋት ለአራት ሰዓታት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ወይም በረንዳ ይስማማዋል። የቀትር ፀሐይ መጀመሪያ የሚጎዳው ነጩን ዳር ነው፤ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ብርሃን ካነሰው ግንዱ ይመዘዛል፣ በቅጠሎቹ መሐልም ክፍተት ይሰፋል። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ያለ ቅዝቃዜ ይጎዳዋል፣ ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል። በአዲስ አበባ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት፣ በክረምትም ዝናብ ከማያገኘው ጣሪያ ሥር ማድረግ ይሻላል።

ውሃ የሚጠጣው የላይኛው 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ ነው፤ ጣታችሁን ከትታችሁ እዩ። ከሥሩ እስኪወጣ አጠጡና ሰሐኑ ላይ የቀረውን ድፉት። የሚጠወልገው አፈሩ ደረቅ ሆኖ ከሆነ ውሃ ብቻ ይፈልጋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገና ግንዱ ከሥሩ ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን ሥሩ በስብሷልና ተጨማሪ ውሃ አትስጡት፤ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ትከሉ።

ሙሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ሲያወጣ ከመነሻው ቁረጡት። ክሎሮፊል ስለሚበዛው በፍጥነት ያድግና ባለነጩን ይውጠዋል። የቀሩትን ጫፎች በየጊዜው ቀንጥቡ፤ ተክሉ ጥቅጥቅ ይላል። ግንዱ እንጨት እየሆነ ሲያረጅ በአዲስ ቁራጭ ተኩት።

ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት። ለነጭ ዝንብ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ቅጠሉን ከሥሩም ከላዩም እጠቡ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። የአበባ ፀረ ተባይ ኬሚካል የተረጨ ተክል ቅጠሉ አይጠጣም። ከሱቅ የገዛችሁትም ምን እንደተረጨ ስለማይታወቅ፣ ያሉትን ቅጠሎች ተዉና ከእሱ ቆርጣችሁ ባሳደጋችሁት ተጠቀሙ።

ለሻይ አራት ወይም አምስት ቅጠል ታጥቦ ይከተፋል፤ አንድ ኩባያ የፈላ ውሃ ይደፋበትና ለ10 ደቂቃ ይከደናል። ክዳኑ የግድ ነው፤ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይተናልና። ማር መጨመር ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ፤ ለሕፃናትም እንዲሁ። ሻዩ ጉሮሮን ያለዝባል እንጂ በሽታን አያድንም፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋልና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ድመት ወይም ውሻ ካላችሁ ተክሉን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቢበሉት ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋልም።