የቤተሰብን የካንሰር ታሪክ ስንመዘግብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐረር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የካንሰር ሕመምተኞችን የቤተሰብ ታሪክ መመዝገብ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። የዘር ጥናት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቤተ ሙከራ፣ ደምና ማሽን ነው። እሱም አለ። ከደሙ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀድማል። ማን ታመመ? ምኑን ታመመ? በስንት ዓመቱ? ይህ ከተበላሸ የትኛውም ማሽን አያቃናውም። የምጽፈው በተለይ ለአዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች ነው። ካንሰር ቤታችሁ የገባ ሰዎችም ብታነቡት ይጠቅማችኋል፤ ሐኪሙም የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

«ነቀርሳ» ሲባል ዝም ብሎ ካንሰር ብሎ መጻፍ

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስታል። የሳንባ ነቀርሳ ቲቢ ነው። ብዙ አዛውንቶች ግን ካንሰርንም ነቀርሳ ይሉታል። ስለዚህ «አባቴ በነቀርሳ ነው የሞተው» ስትባሉ አትቸኩሉ። ያስሉ ነበር? ለወራት በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየሄዱ መድኃኒት ይወስዱ ነበር? የቤቱ ሰው አብሮ ተመርምሯል? መልሱ አዎ ከሆነ ነገሩ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቲቢ በካንሰር ስም ከገባ የሌለ የዘር በሽታ ፈጠርን ማለት ነው።

«ማህፀኗን ታማ» የሚለውን ሳያጣሩ ማለፍ

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። ጀጎል አካባቢ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቡና እየተቆላ ነበር። «እህቴ በማህፀን ነው የሞተችው» አሉኝ። እኔም ቶሎ ብዬ የማህፀን በር ካንሰር ብዬ ጻፍኩ። ቆየት ብዬ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ «እማማ፣ ደም ይፈሳቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ የለም ልጄ። ሆዷ ነው እንደ እርጉዝ የተነፋው። ውኃውን እየቀዱላት ትመለስ ነበር።» ልቤ ደነገጠ። የሐኪም ወረቀት ካለ ብዬ ጠየቅኩ። ከአልጋው ሥር ሻንጣ ጎተቱ። በፌስታል የተጠቀለለ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ የሚለው የእንቁላል ማምረቻው፣ ኦቫሪ የሚባለው ካንሰር ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። 70 በመቶ የሚሆነው ከዓይነት 16 እና 18 ይመጣል። ክትባት አለው፤ እኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። የኦቫሪ ካንሰር ሲሆን ግን አንዷ ታማሚ ብቻ እንኳ ብትሆን ዘሩን አጥብቀን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 የተባሉት ዘረመሎች፣ ማለትም ከወላጅ የምንወርሳቸው ጂኖች፣ ሥራቸው የተሰበረ ዲኤንኤ መጠገን ነው። ሲበላሹ የጡትና የኦቫሪ ካንሰር አደጋን በእጅጉ ይጨምራሉ። ሁለቱንም በሽታ «ማህፀን» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ መክተት ምርመራውን ከመንገዱ ያስወጣዋል።

ዕድሜን መዝለል

ብዙ ቅጽ ላይ ስሙም በሽታውም ይሞላል፣ ዕድሜው ባዶ ይቀራል። ተመራማሪዋ ሜሪ-ክሌር ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. ቢአርሲኤ1 ክሮሞዞም 17 በሚባለው የዘረመሎች መያዣ ክር ላይ እንዳለ ሲያሳዩ በእጃቸው የነበረው የ23 ቤተሰቦች ታሪክ ነው። 146 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ነበሩበት። ምልክቱ ጎልቶ የወጣው ቤተሰቦቹን በታመሙበት ዕድሜ ሲደረድሯቸው ነው። በወጣትነት የታመሙባቸው ቤተሰቦች ወደ ክሮሞዞም 17 ጠቆሙ። ዕድሜ ያልተጻፈበት ቅጽ ቢሆን ኖሮ ያ ግኝት አይታይም ነበር።

«አላስታውስም» ሲሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እዚህ አገር ሰው ጊዜን በሆነው ነገር ያስታውሳል። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ስንት ልጅ ወልዳ ነበር? ደርግ ሲወድቅ ታማለች ወይስ ገና ደህና ነበረች? 1970 እና 1983 ዓ.ም.ን ይዛችሁ ዕድሜውን ቆጥራችሁ ትደርሱበታላችሁ። በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁም ምልክት አድርጉ። የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት በ42 ዓመቷ የታመመችን ሴት የ50 ዓመት ያደርጋታል።

የአባትን ወገን መርሳት

የጡት ካንሰር የሴት ስለሚመስለን እናትን፣ አያትን፣ የእናት እህትን ጠይቀን እንዘጋለን። የተበላሸውን ዘረመል አባትም እናትም እኩል ያወርሳሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ ለወንዱም ለሴቷም። አባት ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወንዶችም በጡት ካንሰር ይታመማሉ። በቁጥር ጥቂት ነው፤ ከመቶ የጡት ካንሰር አንድ ያህሉ። እሱም በእፍረት ይደበቃል፣ ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ።

«አክስት» ብላችሁም አትጻፉ። የእናት እህት ናት ወይስ የአባት? «እህቴ» ሲባልም በእናትም በአባትም መሆኗን አረጋግጡ። እኛ ጋር የአጎት ልጅም እህት ናት።

አንድ ቤት ውስጥ የበዛውን ሁሉ «በዘር ነው» ማለት

ከሁሉም ስህተት እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጣልና። ሁለት ወንድማማቾች ጉበታቸውን ታመው ከሞቱ ሰፈሩ ወዲያው «የዘራቸው ነው» ይላል። ግን ቤተሰብ የሚጋራው ደም ብቻ አይደለም። ጓዳም ይጋራል። ሔፓታይተስ ቢ ቫይረስ በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ዓመታት ቆይቶም ጉበትን ለካንሰር ያጋልጣል። የሕፃናት ክትባቱ በአገራችን የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ኦቾሎኒንም አስቡ። የባቢሌ ኦቾሎኒ የምንኮራበት ነው። እርጥበት ያለው ቦታ ተከምሮ ሲሻግት ግን ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሔፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ሲደርስ ደግሞ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው። የሻገተውን ለይቶ መጣል የማንንም ዘር አይጠይቅም።

ጫትም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ እዚሁ ሐረር የተሠራ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ካንሰር አይናገርም፣ አታዛንፉት። ግን የቤተሰብ ታሪክ ስትጽፉ ምን ያህል እንደሚቅሙ ካልጠየቃችሁ ዘርንና ልማድን መለየት አትችሉም።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። «ቤታችን ማንም አልታመመም፣ አይነካኝም» የሚሉ አሉ። ከጡት ካንሰር በዘር የሚወረሰው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛዋ ታማሚ የቤቱ የመጀመሪያዋ ናት።

ሆስፒታል የመጡትን ቆጥሮ ስለ ከተማው ማውራት

በአጭሩ ልለፈው። ሐረር ለሕክምና የሚመጣው ሰው ከምሥራቅ ሐረርጌም ከሶማሌ ክልልም ነው። ቤቱ የቀረው፣ ጠበል ቦታ ያረፈው ደግሞ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ «ሐረር ላይ ካንሰር በዛ» ለማለት የነዋሪው ብዛትና የታመመው ሁሉ መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ በ2011 እ.ኤ.አ. የከተማውን ነዋሪ የሚከታተል የካንሰር ምዝገባ የጀመረው ለዚህ ነው።

ሰው ባለበት መጠየቅ

ቡና ላይ ጎረቤት ይጠራል። «ዘራቸው በሽታ አለበት» የሚል ወሬ ደግሞ የሴት ልጅን ጋብቻ ሊያስቀር ይችላል። ያን ቀን እማማ ቤት ስለ አባታቸው ወገን ስጠይቅ ጎረቤታቸው ገብታ ነበር። «ሁሉም ደህና ናቸው» አሉኝና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። እኔም ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሦስተኛው ቡና ተጠጣ። ጎረቤትየዋ መርቃ ስትወጣ እማማ በሩን መለስ አደረጉና ጠጋ ብለው «የአባቴን እህት ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። ጡቷን ነበር። የመጨረሻ ልጇን ገና ጡት አላስጣለችም ነበር።