ትንፋሽ ሲያጥር መንስኤውን ለመለየት ምን መመልከት ይገባል?

ትንፋሽ ማጠር የበሽታ ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው ሳንባን ብቻ ቢጠረጥርም፣ ችግሩ ከልብ፣ ከደም ማነስ ወይም ከከባድ ጭንቀት የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ እንዲሁም ምን ሲደረግ እንደሚብስ ነው።

ሆኖም መንስኤ ለመፈለግ ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ አለ። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊነት መልክ ያመጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ያቃተው፣ ደረቱን አጥብቆ የሚያመው፣ የሚቃዥ፣ ወይም ምግብ በልቶ አልያም መድኃኒት ወስዶ ምላሱና ፊቱ ያበጠ ሰው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት። እስኪደርስም በሚመቸው አኳኋን ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በግድ አይጋደም።

ጤናማ አዋቂ በዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ይህን ለማወቅ ሰዓት ይዞ የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል፤ ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ሲያውቅ ግን አተነፋፈሱ ስለሚለወጥ፣ የልብ ምት እንደሚለካ ሰው የእጁን አንጓ ይዞ መቁጠር የተሻለ ነው። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ነው፤ ከሳል ጋር ሲሆን የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን በፍጥነት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ቀና ሲሉ የሚቀል የትንፋሽ ማጠር በተለይ የልብ ድካምን ያመለክታል። ሕመምተኞች ይህን ሳያስተውሉ ትራስ በትራስ ላይ እየደረቡ ይለምዱታል። ቀድሞ በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው አሁን ሦስት ካስፈለገው፣ ወይም እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ታፍኖ እየባነነ ከተቀመጠ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ያለውን ቅልጥም በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ሲለቁት የጣቱ ጉድጓድ ከቀረ፣ እግሩ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው።

አስም ግን መጣ ሄድ ይላል። ሌሊትና ንጋት ላይ፣ በአቧራ፣ በጭስ ወይም በቀዝቃዛ አየር ይቀሰቀሳል፤ አየር ሲወጣም ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሲርሲርታው ጠፍቶ ሰውየው እየደከመ ከሄደ ተሻለው ብሎ መዘናጋት እጅግ አደገኛ ነው፤ አየሩ መተላለፍ እያቃተው ሊሆን ይችላልና። ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ያጨሰ ወይም የማገዶ ጭስ የታጠነ ሰው ቀስ በቀስ ትንፋሽ እያጠረው ከሄደ፣ ነገሩን በዕድሜ ከማመካኘት ይልቅ ሳንባውን መመርመር አለበት።

ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ ወይም ረዥም ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ መቆየትን ተከትሎ በድንገት የመጣ፣ በተለይም የአንድ እግር ብቻ እብጠትና ሕመም ያለበት ከሆነ፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ስለሚያስጠረጥር ድንገተኛ ጉዳይ ነው። ደረጃ ሲወጡ የሚያደክም፣ ልብን የሚያስመታና የዓይን ቆብ ውስጡን የሚያገረጣ ከሆነ የደም ማነስ መመርመር ይኖርበታል።

የጣት መደንዘዝና የአፍ ዙሪያ መንዘር ያለበት ድንገተኛ ፍርሃትም ትንፋሽ ያሳጥራል። ይሁን እንጂ ሌላው ሳይመረመር «ጭንቀት ነው» ብሎ መደምደም ብዙዎችን ለጉዳት የሚዳርግ ስሕተት ነው።

በጣት ላይ የሚደረግ የኦክሲጅን መለኪያ ያለው ሰው የጥፍር ቀለሙን አስለቅቆ፣ እጁን አሙቆ ይለካ፤ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሕክምናውን አያዘግይ።